ባዶ ዲቪዲ ሲገዛ፦ ርካሹ ዲስክ ለምን ውድ ይሆናል?

በገበያ ላይ ገዢ አይቶና ዳስሶ የሚለየው ዕቃ አለ። ጤፍ በእጅ ተዘግኖ ይታያል፣ ቡና ይሸተታል፣ ጨርቅ በጣት ይፈተሻል። በአንፃሩ ተገዝቶ፣ ተሠርቶበትና ለደንበኛ ተሰጥቶም ጥራቱ ሳይታወቅ ዓመታት የሚያልፉበት ዕቃ አለ። ለመቅጃ የሚያገለግለው ባዶ የዲቪዲ ዲስክ ከዚህኛው ወገን ነው። ሁሉም ክብ ነው፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ በአብዛኛው ማሸጊያ ላይም 4.7 ጊጋባይትና 16 ኤክስ የሚል ተጽፏል። ዋጋው ግን ይለያያል፤ ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛውን ይመርጣል።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ አብዛኛው ምስልና ድምፅ በፍላሽ፣ በስልክና በኢንተርኔት ይተላለፋል። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ይሁን እንጂ የዲቪዲ ገበያ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። የሠርግና የምርቃት ቀረጻ የሚያስረክቡ ቪዲዮ ቤቶች፣ የቆየ የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዲስክ የሚገለብጡ ባለሙያዎች፣ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የማይፋቅ ቅጂ የሚፈልጉ መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ሪኮርደራቸውን ያልጣሉ ቤተሰቦች አሁንም ይገዛሉ። የገበያው መጥበብ ደግሞ አደጋውን አልቀነሰውም፤ ይልቁንም አብዝቶታል። ምክንያቱም ጥሩ ስም የነበራቸው ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ሥራውን ሲለቁ፣ በመደርደሪያ ላይ የቀረው ሸቀጥ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተሠራ መለየት ከቀድሞው ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኗል።

በመሆኑም ነጋዴውም ሆነ ተጠቃሚው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። መቅጃ ማሽኑ ዲስኩን ይቀበለዋል ወይ? የደንበኛው ዴክ ያነበዋል ወይ? ከዓመታት በኋላስ ይነበባል ወይ? የማሸጊያው ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ሦስቱን ሳይመልሱ የሚገዛ ርካሽ ዲስክ ደግሞ፣ ከዚህ በታች በስሌት እንደሚታየው፣ ብዙ ጊዜ ከውዱ ዲስክ የበለጠ ያስወጣል።

ፕላስና ማይነስ ከየት መጡ?

ገዢውን በመጀመሪያ ግራ የሚያጋባው “ማይነስ” እና “ፕላስ” የሚባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ የጥራት ሳይሆን የሁለት የንግድ ቡድኖች ፉክክር ውርስ ነው። የጃፓኑ ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያውን የዲቪዲ ማይነስ አር መቅጃ ሲያወጣ የማሽኑ ዋጋ 17 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የአንዱ ዲስክ የመያዝ አቅም ደግሞ 3.95 ጊጋባይት ነበር። አቅሙ ቆይቶ ወደ 4.7 ጊጋባይት አድጓል። ይህ ዓይነቱ ዲስክ ዲቪዲ ፎረም በተባለው የአምራቾች ማኅበር ዕውቅና ያገኘ ነው። በዚሁ ፎረም ሥር ፓናሶኒክ፣ ሂታቺና ቶሺባ የገፉበት ዲቪዲ ራም እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ገበያ ገብቷል።

ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ ሪኮና ሚትሱቢሺ ኬሚካል የተሰባሰቡበት ሌላ ቡድን ግን የራሱን መንገድ መረጠ። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ተደጋግሞ የሚጻፍበትን ዲቪዲ ፕላስ አርደብሊው፣ በ2002 ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበትን ዲቪዲ ፕላስ አር ለገበያ አቀረበ። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ በመቅረታቸው ወጪው በገዢው ላይ ወደቀ፤ የአንዱን ወገን ማሽን የገዛ ሰው በሌላው ወገን ዲስክ መቅዳት አልቻለም። ችግሩ መቃለል የጀመረው ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለቱንም ዓይነት የሚቀዳ የኮምፒዩተር በርነር ካወጣ በኋላ ነው። ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ገዢ የሚተርፈው ቁም ነገር አጭር ነው። በኮምፒዩተር በርነር የሚሠራ ሰው ማሽኑ በጣም ያረጀ ካልሆነ በስተቀር ፕላስና ማይነስ ብዙም አያሳስቡትም። ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በሚሠራ የቤት ሪኮርደር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፓዮኒር ቀደምት ሪኮርደሮች የማይነስ ወገን ናቸው፤ የፊሊፕስ ቀደምት ሪኮርደሮች የፕላስ ወገን ናቸው፤ የፓናሶኒክ ቀደምቶች ደግሞ በራም ጀምረው ማይነስ አርን የጨመሩ ናቸው። ስለሆነም ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት በማሽኑ ፊት ላይ የታተሙትን ምልክቶች ማየት፣ ከተቻለም መመሪያ መጽሐፉን መግለጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። “ዲቪዲ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው” የሚል ሻጭ ለደንበኛው መልስ አልሰጠም።

አንድ ጊዜና ሺህ ጊዜ የሚጻፍባቸው

“አር” የሚለው ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበትን ዲስክ ያመለክታል። “አርደብሊው” የተባለው እየተፋቀ እንደገና የሚጻፍበት ሲሆን፣ አምራቾች አንድ ሺህ ጊዜ ያህል እንደሚያገለግል ይገልጻሉ። ዲቪዲ ራም ደግሞ እስከ አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ሊጻፍበት እንደሚችል ይነገርለታል፤ ነገር ግን ከራም መቅጃዎች ውጭ ያሉ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ስለማያነቡት ለደንበኛ ለማስረከብ አይሆንም።

ባለ ሁለት ንብርብር የሚባለውም ዲስክ አለ። አቅሙ 8.5 ጊጋባይት ሲሆን ፕላስ አሩ እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ሪኮርደሮች አይቀበሉትም፤ ቆየት ያሉ ዴኮችም ከአንደኛው ንብርብር ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ይቆማሉ ወይም ይዘላሉ። ረጅም ሠርግ የሚያስረክብ ባለሙያ አንድ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ከሚሰጥ ሁለት ተራ ዲስኮች ቢሰጥ በተቀባይነት በኩል ይሻለዋል። በአንድ ተራ ዲስክ ላይ ሪኮርደር በከፍተኛ ጥራት 1 ሰዓት፣ በመደበኛ ጥራት 2 ሰዓት፣ ጥራቱን እየቀነሰ ደግሞ 4 ወይም 6 ሰዓት ይቀዳል።

በችርቻሮ ሱቆች የሚያከራክር አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ቢነሳ ይጠቅማል። ገዢው 4.7 ጊጋባይት ብሎ የገዛውን ዲስክ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሲከፍት 4.38 ብቻ ያያል። ዲስኩ ጎዶሎ ሆኖ አይደለም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብሎ ሲቆጥር ኮምፒዩተሩ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥራል። ልዩነቱ የመስፈሪያ ነው፤ እንደ ሁለት የተለያየ ቁና።

ዴኩ ዲስኩን የሚመልሰው ለምንድን ነው?

ዲቪዲ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይምሰል እንጂ የሁለት 0.6 ሚሊሜትር ስስ ፕላስቲኮች ጥምር ነው። በመካከላቸው በ“አር” ዲስክ ላይ ለሌዘር ብርሃን ምላሽ የሚሰጥ ቀለም፣ ከበላዩም አንጸባራቂ የብረት ንብርብር አለ። መቅጃው ቀለሙን በሌዘር እያሞቀ ምልክት ይተዋል፤ ማጫወቻው ያንኑ ምልክት በደካማ ሌዘር ያነባል። በ“አርደብሊው” ላይ በቀለም ፋንታ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጠባዩን የሚለውጥ የብረት ቅይጥ ይገኛል።

ቁልፉ የማንጸባረቅ መጠን ነው። በፋብሪካ የታተመ ባለ አንድ ንብርብር ፊልም ከሚያርፍበት ብርሃን ከ45 እስከ 85 በመቶ ይመልሳል። የአርደብሊው ዲስክ የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ያህል ነው። ይህ መጠን በፋብሪካ ከታተመ ባለ ሁለት ንብርብር ፊልም ጋር አንድ በመሆኑ፣ ቆየት ያለ ዴክ ዲስኩን በስህተት ባለ ሁለት ንብርብር ነው ብሎ ሁለተኛውን ንብርብር ሲፈልግ ይቀራል። “ዲስክ የለም” የሚለው መልስ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በመሆኑም አርደብሊው ለሙከራና ለቤት ውስጥ ቅጂ እንጂ ለደንበኛ አይሰጥም።

በፕላስ አርና በማይነስ አር መካከልም አንድ ልዩነት አለ። በቆዩ ማጫወቻዎች ዘንድ ማይነስ አር የተሻለ ተቀባይነት ሲኖረው ቆይቷል። ፕላስ አር በበኩሉ ማይነስ የሌለው አንድ ዕድል አለው። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ዓይነቱን የሚገልጽ ምልክት አለ፤ አንዳንድ በርነሮች በሚቀዱበት ጊዜ ይህን ምልክት ለውጠው ዲስኩን በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ አስመስለው ማስመዝገብ ይችላሉ። ይህ ከተደረገ በኋላ ፕላስ አርም ብዙ አሮጌ ዴኮችን ያልፋል። በርነሩ ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነና የደንበኛው ዴክ ዓይነት ካልታወቀ ማይነስ አር መምረጥ አስተማማኝ ነው።

የፍጥነት ቁጥርና ትርጉሙ

በዲቪዲ አንድ ኤክስ ማለት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ያህል መጻፍ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ሙሉ ዲስክ ለመቅዳት 57 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ4 ኤክስ 14 ደቂቃ ያህል፣ በ8 ኤክስ ከ8 እስከ 9 ደቂቃ፣ በ16 ኤክስ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ከ8 ወደ 16 ሲታለፍ ጊዜው በግማሽ የማይቀንሰው ማሽኑ 16 ኤክስ የሚደርሰው በዲስኩ የውጭ ጠርዝ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነት በመቅዳት የሚተርፈው ጊዜ 3 ደቂቃ ገደማ ነው።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ዲስኩ የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት እንጂ በማንኛውም ማሽን ላይ የሚሠራበትን ፍጥነት አያመለክትም። እያንዳንዱ መቅጃ በፈርምዌሩ፣ ማለትም በማሽኑ ውስጥ በተጫነው የአሠራር መመሪያ፣ ለሚያውቃቸው ዲስኮች የሌዘሩን ኃይልና አመታት ይወስናል። ያረጀ ሪኮርደር ከእሱ በኋላ የተፈጠረውን የ16 ኤክስ ዲስክ ስለማያውቀው በግምት ይሠራል ወይም ጨርሶ አይቀበለውም። ለምሳሌ የ8 ኤክስ ዲቪዲ ፕላስ አርደብሊው በ4 ኤክስ ዘመን በተሠሩ መቅጃዎች ላይ አይቀዳም። ፓዮኒርም እ.ኤ.አ. በ2002 መገባደጃ ላይ ቀደምት በርነሮቹ በወቅቱ አዲስ የነበሩት ፈጣን ዲስኮች ሲገቡባቸው ሊበላሹ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ የፈርምዌር ማስተካከያ አውጥቶ ነበር። ዲስክ የማይስማማው ማሽን ሥራውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በመጨረሻው ፍጥነት የተቀዳ ዲስክ በብዛት ስህተት ይበዛበታል። ከልክ በላይ መዘግየትም መፍትሔ አይደለም፤ ለ16 ኤክስ የተዘጋጀ ቀለም በጣም በዝግታ ሲቀዳ የግድ የተሻለ ውጤት አይሰጥም። ለ16 ኤክስ ዲስክ 8 ኤክስ መካከለኛና ተስማሚ ፍጥነት ነው።

ስሙ የማን፣ ፋብሪካው የማን?

ከሁሉም በላይ ገዢውን የሚያሳስተው በካርቶኑ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው። ባዶ ዲስክ የሚሸጡ ስሞች ብዙ ናቸው፤ ዲስክ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ግን ጥቂት ናቸው። አንድ ስም በዚህ ዓመት ከአንዱ ፋብሪካ፣ በሚቀጥለው ከሌላው ይገዛል። በመሆኑም ባለፈው ዓመት በጥሩ ሁኔታ ያገለገለ ስም ዘንድሮ ሌላ ዲስክ ሊሆን ይችላል።

የኢኮኖሚክስ ባለሙያው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው። አከርሎፍ የወሰዱት ምሳሌ የአሮጌ መኪና ገበያ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይስማማል። በዚህ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ የመጥፎው ይሸጣል። ውሎ አድሮ መጥፎው ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በዚህ ዓይነት ሥራቸው ነው።

የባዶ ዲስክ ገበያ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በጥራቱ ይመሰገን የነበረው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 ከዲስክ ሥራ እንደሚወጣ አስታውቆ ወጥቷል። የሕንዱ ሞዘር ቤር በዕዳ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲፈርስ ተወስኖበታል። ሚትሱቢሺ ኬሚካል ደግሞ ቨርባቲም የተባለውን የዲስክ ንግዱን ለታይዋኑ ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ለመሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ተስማምቷል። የፍላጎት መውደቅ ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ ገዢው የጥራት ዋጋ ለመክፈል አለመፈለጉም በጥሩ አምራቾች ላይ የራሱን ጫና አሳድሯል።

ይህን የመረጃ ጉድለት በከፊል የሚሞላ አንድ መሣሪያ አለ፤ እሱም የዲስኩ መለያ ኮድ ነው። ፋብሪካው ዲስኩን ሲሠራ በፕላስቲኩ ጎድጓዳ መስመር ላይ የአምራቹንና የዲስኩን ዓይነት የሚገልጽ ኮድ ያሳርፋል። በዓይን አይታይም፤ በርነር ያለው ኮምፒዩተር ግን ያነበዋል። ኢምጅበርን የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ባዶ ዲስክ ሲገባ ይህን ኮድ ያሳያል። በ“ኤምሲሲ” የሚጀምረው የሚትሱቢሺ ኬሚካል፣ በ“ቲዋይጂ” ወይም በ“ዩደን” የሚጀምረው የታይዮ ዩደን፣ “ሲኤምሲ ማግ” የሚለው የሲኤምሲ፣ “ራይቴክ” የሚለው የዚሁ ስም ባለቤት የሆነው የታይዋን ፋብሪካ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ካርቶኖች አንድ ዓይነት ኮድ ካሳዩ ገዢው ለስሙ ብቻ ተጨማሪ እየከፈለ ሊሆን ይችላል።

ይሁንና ኮዱም የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። የጥሩ አምራች ኮድ እየተቀዳ በሌላ ፋብሪካ ዲስክ ላይ የዋለበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኮዱ መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሙከራ ይከተለዋል።

የ100 ዲስክ ስሌት

አንድ ቪዲዮ ቤት 100 ዲስክ ሊገዛ ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ርካሹ ዲስክ 20 ብር፣ ውዱ 28 ብር ነው። አንዱን ዲስክ ለመቅዳት ለሠራተኛ፣ ለመብራትና ለማሽን እርጅና 15 ብር ይወጣል። ደንበኛ “አይሠራም” ብሎ የመለሰውን ለማስተናገድ ለትራንስፖርትና ለባከነ ሰዓት 60 ብር ይወጣል።

ከርካሹ 100 ዲስክ ውስጥ 10ሩ ሲቀዱ ይበላሹ፤ ከቀሩት 90 ደግሞ 9ኙ በደንበኛ ይመለሱ። ለዲስክ 2,000 ብር፣ ለመቅጃ 1,500 ብር፣ ለተመላሽ 540 ብር፣ በድምሩ 4,040 ብር ወጥቶ የተገኘው የሚሠራ ዲስክ 81 ነው። አንዱ 49 ብር ከ88 ሳንቲም ፈጀ ማለት ነው። ከውዱ 2 ብቻ ሲቀዱ ይበላሹ፣ 1 ይመለስ። ለዲስክ 2,800 ብር፣ ለመቅጃ 1,500 ብር፣ ለተመላሽ 60 ብር፣ በድምሩ 4,360 ብር ወጥቶ 97 የሚሠራ ዲስክ ይገኛል። አንዱ 44 ብር ከ95 ሳንቲም ሆነ።

በመግዣ ዋጋ 40 በመቶ የሚበልጠው ዲስክ በሚሠራ ቅጂ ዋጋ 10 በመቶ ያህል ረከሰ። በዚሁ ስሌት የተሻለው ዲስክ እስከ 32 ብር ቢወጣም ርካሹን አያስመርጥም። ከ33 ብር ሲያልፍ ግን ርካሹ ያዋጣል። ስለዚህ ትምህርቱ “ውድ ግዛ” የሚል አይደለም፤ ማንኛውም ነጋዴ የራሱን የብልሽትና የተመላሽ ቁጥር መዝግቦ በዚህ መንገድ ሊያሰላ ይገባል ነው። በስሌቱ ውስጥ ያልገባም ነገር አለ። የተበላሸው ዲስክ ብቸኛው የሠርግ ቅጂ ከሆነ ዋጋው በብር አይተመንም፤ የቤቱም ስም አብሮ ይሄዳል።

የማይታየው ስህተት

ዲስክ ሲበላሽ በአንድ ቀን አይደለም። በእያንዳንዱ ዲቪዲ ላይ ስህተት አለ፤ ማጫወቻው ግን እያረመ ስለሚያሳይ ተመልካቹ አያውቅም። በደረጃው መሠረት በተከታታይ 8 የማረሚያ ብሎኮች ውስጥ የሚቆጠረው የመጀመሪያ ደረጃ ስህተት ከ280 መብለጥ የለበትም። ጥሩ ዲስክ ከዚህ እጅግ በታች ሆኖ ይጀምራል፤ መጥፎ ዲስክ በተቀዳበት ዕለት ወደ ወሰኑ ተጠግቶ ይጀምራል። ሁለቱም ያን ዕለት በደንብ ይታያሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ቀለሙ እያረጀ ስህተቱ ሲጨምርና ማረም ከሚቻለው በላይ ሲሆን ነው። ምስሉ የሚቆራረጠው ያን ጊዜ ነው፤ ዋስትናው ግን ቀደም ብሎ አልፏል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የሲዲና የዲቪዲ አያያዝ መመሪያ፣ አምራቾች ለ“አር” ዲስኮች በጥሩ አያያዝ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ እንደሚሰጡ ጠቅሷል። ያልተቀዳበት ባዶ ዲስክ ግን በመደርደሪያ ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ እንደሚቆይ በጥንቃቄ ገምቷል። ይህ ለነጋዴው ትልቅ መልእክት አለው። ከሥራ የወጣ ታዋቂ ፋብሪካ ዲስክ “ኦሪጅናል የድሮ ዕቃ” ተብሎ በውድ ሲቀርብ ዕድሜው ካለፈ ስሙ አያድነውም።

መመሪያው ለረጅም ጊዜ ማከማቻ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ያዛል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በበጋ ወራት በኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት የቆየ ዲስክ መጋዘን ሳይደርስ ከዚህ ወሰን ብዙ ያልፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች መኪና ውስጥ የሚተው ዲስክም እንዲሁ ነው። በዲቪዲ ላይ የሚለጠፍ የወረቀት መለያም አይመከርም፤ ሚዛኑን ያዛባል፣ ሲላቀቅም ንብርብሩን ሊጎዳ ይችላል። በቀጥታ የሚታተምበት ነጭ ገጽ ያለውን ዲስክ መግዛት ወይም ውሃ ነክ ቀለም ባለው ለስላሳ እስክሪብቶ መጻፍ ይሻላል።

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዲስክ

የሠርግ ፊልም ለዘመድ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ “አልከፈተም” የሚል ስልክ ይደርሳቸዋል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ይላከካል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የሚሠራበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ሲሆን በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ወደ 30 ይጠጋል። እዚያ የተሸጡ ብዙ ዴኮች ፓልን አያሳዩም። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ቅጂ ከመቀዳቱ በፊት ወደ ኤንቲኤስሲ መለወጥ አለበት። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፓል ችግር የለበትም።

የዞን ኮድ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ኢትዮጵያ በዞን 5፣ አሜሪካ በዞን 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በዞን 2 ቢመደቡም ክልከላው ለፋብሪካ ፊልሞች ነው፤ በቤት የተቀዳ ዲስክ የዞን ገደብ የለበትም። “ዞን ፍሪ ዲስክ” እየተባለ ለባዶ ዲስክ ተጨማሪ የሚጠየቅ ዋጋ መሠረት የለውም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ዲስኩን ሳይዘጉ መስጠት ነው። በሪኮርደር የተቀዳ ዲስክ በመጨረሻ “ፋይናላይዝ” መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ ከቀዳው ማሽን ውጭ በብዙዎቹ ላይ አይከፈትም። በኮምፒዩተር ሲቀዳም ፋይሉ እንዲሁ ከተገለበጠ አሮጌ ዴክ አያውቀውም፤ በዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት ተዘጋጅቶ መቀዳት ይኖርበታል።

ለገዢ፣ ለደላላና ለአስመጪ

በችርቻሮ የሚገዛ ሰው የማሽኑን ምልክት አይቶ፣ መጀመሪያ 5 ወይም 10 ዲስክ ብቻ ገዝቶ፣ ኮዱን አንብቦ፣ በ8 ኤክስ ቀድቶና ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያመሳክር አድርጎ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዴኮች እስከ መጨረሻው ደቂቃ ቢሞክር ይበጀዋል። የመጨረሻው ደቂቃ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥራት የሚወርደው በዲስኩ የውጭ ጠርዝ አካባቢ ነው።

ደላላ ናሙና ሲያሳይ ናሙናውና ጭነቱ አንድ ኮድ እንዳላቸው ካልተረጋገጠ ናሙናው ናሙና አይደለም። ከተለያዩ ካርቶኖች፣ ከላይም ከታችም፣ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ማየት ብዙ ክርክር ያስቀራል። አስመጪ ደግሞ በፕሮፎርማው ላይ የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውን ስም፣ የዲስኩን መለያ ኮድና የተመረተበትን ዓመት ቢያስጽፍ፣ የማይስማማ ዕቃ ሲመጣ የሚከራከርበት ሰነድ ይኖረዋል። በጠበበ ገበያ ብዙ ዓመት የሚያስኬድ ክምችት መያዝም አያዋጣም፤ ባዶ ዲስክ በመጋዘን ውስጥ ሆኖም ያረጃል።

ብቸኛ የሆነ ቅጂ ያለው ሰው ከሁሉም በላይ ሊይዘው የሚገባ ደንብ አለ። አንድ ቅጂ በዲስክ፣ አንድ ቅጂ በሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ ዲስኩም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ወጥቶ ይነበብ። ማንበብ እየከበደው የሄደ ዲስክ ገና ምስሉ ሳይቆራረጥ ወደ አዲስ ይገልበጥ። የአንድ ባዶ ዲስክ ዋጋ ለዚህ የሚከፈል የመድን አረቦን ነው፤ አረቦኑን ለማሳነስ ሲባል የመድኑ ጥራት መቀነስ የለበትም።